የጓሮ የፕላስቲክ ቤት፤ ከመሠራቱ በፊት ሊታወቅ የሚገባው

ለልማት ጣቢያ ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

በጓሮአቸው አነስተኛ የፕላስቲክ ቤት፣ በተለምዶ ግሪን ሃውስ የሚባለውን፣ ሠርተው ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ሰላጣና ሌላም አትክልት ለማምረት የሚሹ ቤተሰቦች ለልማት ጣቢያ ሠራተኛው በቅድሚያ የሚያቀርቡት ጥያቄ ብዙውን ጊዜ ፕላስቲኩ ከየት እንደሚገኝና ዋጋው ስንት እንደሆነ የሚመለከት ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ተራው አይደለም። መጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው «ቤቱ ምን እንዲከላከልልን ነው የምንሠራው?» የሚለው ነው። ዝናብን ነው? ውርጭን ነው? ነፍሳትን ነው? ወይስ የፀሐይ ቃጠሎን? አራቱ የሚሹት ቤት የተለያየ ነው፤ ለአንዱ የሚጠቅመው ሌላውን ሊያባብስ ይችላል። ይህ ሳይለይ የተሠሩ ቤቶች ከሁለት ክረምት በኋላ ፕላስቲካቸው ተቀዶ፣ ወይም የጭድ ማስቀመጫ ሆነው መታየታቸው እንግዳ ነገር አይደለም። አንድ ቤተሰብ የጊደር ሽያጭ ገንዘቡን ያዋለበት ሥራ እንዲህ ሲሆን ጉዳቱ በዚያ ቤት ብቻ አይቆምም፤ ጎረቤትም አይቶ ይሸሻል፤ ሠራተኛው በሚቀጥለው ዓመት የሚያመጣውን ምክር የሚሰማው አያገኝም።

የውጭ አገሩን ቤት እንዳለ መቅዳት አይገባም

በአውሮፓ ግሪን ሃውስ የሚሠራው በዋናነት ብርድን ለመከላከልና በብርዱ ወራት የምትገኘውን ጥቂት የፀሐይ ብርሃን ለመሰብሰብ ነው። በለንደን የዓመቱ ረጅሙ ቀንና አጭሩ ቀን ከ8 ሰዓት በላይ ይለያያሉ። በአዲስ አበባ ግን ልዩነቱ 1 ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። አገራችን ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በግምት ከ3 እስከ 15 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ ስለምትገኝ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከፍ ብላ ትውላለች፤ ብርሃን አይቸግረንም። በመሆኑም ቤቱን ለብርሃን ሲባል ወደ አንድ አቅጣጫ ማዞር በውጭ መጻሕፍት የተሰጠውን ያህል ትኩረት አያሻውም።

በእኛ አገር ሙቀትን በአመዛኙ የሚወስነው ከፍታ ነው። ከፍታ በ100 ሜትር በጨመረ ቁጥር አማካይ ሙቀት በግምት በ0.6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀንሳል። ስለዚህ 1,550 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት መልካሳ የሚሠራ ቤትና 2,800 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው ደብረ ብርሃን የሚሠራ ቤት አንድ ሊሆኑ አይችሉም። በቆላ የተዘጋ የፕላስቲክ ቤት ምድጃ ነው። ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ ሲያልፍ የቲማቲም አበባ ፍሬ ሳይቋጥር ይረግፋል፤ ቃሪያም እንዲሁ። በዚያ ለሚኖር ቤተሰብ የሚበጀው የጥላ መረብ፣ ወይም በሸንበቆና በሣር የተሠራ ዳስ ነው። ፕላስቲክ ግዙ ብሎ መምከር አይገባም።

ባቱ፣ ቢሾፍቱና ሆለታ አካባቢ በመኪና ሲያልፉ የሚታዩትን የአበባ እርሻ ቤቶች አይቶ «እንደዚያ ይሠራልኝ» የሚል አርሶ አደር ብዙ ነው። እነዚያ ቤቶች ለውጭ ገበያ የሚቀርብ ጽጌረዳ የሚመረትባቸው፣ የራሳቸው የውኃ ጉድጓድ፣ የማዳበሪያ መቀላቀያና ቋሚ ባለሙያ ያላቸው ናቸው። ለጓሮ አርአያ ሊሆኑ አይችሉም።

ለክረምት ዝናብ፤ ጣሪያ እንጂ ግድግዳ አይደለም

በወይና ደጋና በደጋ ቲማቲም በክረምት ሜዳ ላይ እንዳይሆን የሚያደርገው ዋናው ምክንያት የቅጠሉ እርጥበት ነው። ሌት ብላይት የሚባለውና ድንችንም የሚያጠቃው የቅጠል አድርቅ በሽታ፣ አየሩ ቀዝቀዝ ብሎ ቅጠሉ ለረጅም ሰዓት እርጥብ ሆኖ ሲቆይ፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ማሳውን እሳት የነካው ያስመስለዋል። ዝናቡ ቅጠሉን እንዳይነካ ማድረግ ብቻውን የመድኃኒት ርጭቱን ቁጥር በእጅጉ ይቀንሳል።

ነገር ግን እዚህ ላይ ብዙዎች ይስታሉ። ጣሪያውን ሠርተው ሲያበቁ ዙሪያውንም በፕላስቲክ ይዘጉታል። ከተክሉና ከአፈሩ የሚወጣው እርጥበት መውጫ ሲያጣ ሌሊት ከጣሪያው ሥር ጤዛ ሆኖ ይንጠለጠልና ጠዋት እንደ ዝናብ ቅጠሉ ላይ ይንጠባጠባል። ዝናብን ሸሽቶ ሌላ ዝናብ በቤት ውስጥ መሥራት ማለት ነው። ከቅጠል አድርቁ በተጨማሪ ግራጫ ሻጋታም ይከተላል። ስለዚህ ለክረምት ብቻ ተብሎ የሚሠራ ቤት ግድግዳው ክፍት ይሁን፤ ጣሪያው ግን ከግድግዳው መስመር ግማሽ ሜትር ያህል ወደ ውጭ ወጥቶ በነፋስ የሚገፋውን ዝናብ ይከላከል። የዶሮና የፍየል መከላከያ አጥር ግን አይዘንጋ። አንዲት ፍየል በግማሽ ሰዓት የምታደርሰውን ጥፋት በሽታ በሳምንት አያደርሰውም።

የክረምት ምርት ጥቅሙ በገበያው ነው። ሜዳ ላይ ያለው ቲማቲም በዝናብ በሚጎዳበት በክረምት ወራት በደጋ ከተሞች ዋጋው ከፍ ይላል። ለዚህ ጊዜ ለመድረስ ዘሩ በሚያዝያ መጀመሪያ ተዘርቶ፣ ችግኙ በግንቦት አጋማሽ ተዛውሮ፣ እንደ ከፍታው ከ70 እስከ 90 ቀን ቢፈጅ የመጀመሪያው ለቀማ ከሐምሌ መጨረሻ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ይሆናል። በሰኔ ፕላስቲክ መግዛት የጀመረ ቤተሰብ ግን ገበያው ያመልጠዋል።

ለውርጭ፤ ፕላስቲክ ብቻውን አያድንም

ስለ ውርጭ በስፋት መነገር ያለበት በዚህ ረገድ የተስፋፋው እምነት ብዙ ገንዘብ ስለሚያስወጣ ነው። «የፕላስቲክ ቤት ሌሊትም ያሞቃል» ይባላል። ቀን ያሞቃል፤ የሌሊቱ ነገር ግን ሌላ ነው። ውርጭ የሚወርደው በአብዛኛው ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ፣ ሰማዩ ጠርቶ ነፋስ በሌለበት ሌሊት ነው። ያን ጊዜ ምድር ቀን የያዘችውን ሙቀት በማይታይ ጨረር መልክ ወደ ሰማይ ትለቃለች። ተራ የፖሊኤቲሊን ፕላስቲክ ነፋስን ቢያግድም ይህንን የሙቀት ጨረር በአብዛኛው ያሳልፈዋል። ስለሆነም እሳት በሌለበት፣ ሽፋኑ ነጠላ በሆነ ቤት ውስጥ ሊነጋ ሲል የሚለካው ሙቀት ከውጭው በ1 ወይም በ2 ዲግሪ ቢበልጥ ነው። አንዳንድ ሌሊት እንዲያውም ከውጭው ያንሳል፤ ውጭ ቀላል ነፋስ ሲነሳ ከላይ ያለውን ሞቅ ያለ አየር ከታችኛው ጋር ሲያቀላቅለው፣ የተዘጋው ቤት ከዚህ ጥቅም ይቀራል።

በመሆኑም ውጭ ሙቀቱ ከዜሮ በታች 3 ዲግሪ በሚወርድበት ጓሮ ነጠላ ፕላስቲክ ቲማቲምን ያድናል ብሎ መምከር አይቻልም። ሠራተኛው አስቀድሞ ማድረግ ያለበት፣ ከፍተኛና ዝቅተኛ ሙቀት የሚመዘግብ ቴርሞሜትር ቤቱ በሚሠራበት ቦታ ከመሬት በተክል ቁመት ልክ ሰቅሎ፣ ኅዳርንና ታኅሣሥን በየጠዋቱ መመዝገብ ነው። ቴርሞሜትሩ ፀሐይ በቀጥታ እንዳያርፍበት ይከለል። ይህ ሥራ አንድ ዓመት ያዘገያል ተብሎ ይነቀፋል። በጸሐፊው አስተያየት ግን ገንዘቡ አንድ ዓመት ቢዘገይ ይሻላል፤ አለዚያ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደተባለው ይሆናል።

መዝገቡ ሌሊቱ ከዜሮ ዝቅ የሚለው በጥቂቱና ለጥቂት ቀናት መሆኑን ካሳየ የሚረዱ ዘዴዎች አሉ። ቤቱን ፀሐይ ሳትበርድ ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ገደማ መዝጋት፤ አፈሩን ቀን አጠጥቶ እርጥብ ማድረግ፣ እርጥብ አፈር ከደረቅ አፈር የበለጠ ሙቀት ይዞ ሌሊቱን ቀስ በቀስ ይለቃልና፤ መደቡን የሸፈነ ጉዝጓዝ ካለ በእነዚያ ሳምንታት ገለል ማድረግ፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ማታ ማታ በተክሉ ላይ ሁለተኛ ሽፋን፣ ማለትም በቀጭን ሸንበቆ ቅስት ላይ የተዘረጋ ጨርቅ ወይም ፕላስቲክ፣ ማልበስ። ይህ ሁለተኛ ሽፋን ጠዋት ፀሐይ ስትሞቅ መነሳት አለበት። በየቀኑ የሚነሳና የሚለብስ ነገር ሠራተኛ ይፈልጋል፤ ማን እንደሚሠራው ከባለቤቲቱና ከልጆቹ ጋር ሳይነጋገሩ መተው አይገባም።

መዝገቡ ከዚያ የከፋ ከሆነ ሰብሉን መቀየር ነው። የአበሻ ጎመን፣ ጥቅል ጎመን፣ ካሮት፣ ቀይ ሥርና ሰላጣ ከቲማቲም ይልቅ ብርድ ይችላሉ። በቤቱ ውስጥ በበጋ እነርሱን፣ በክረምት ቲማቲሙን ማፈራረቅ ቤቱ ዓመቱን ሙሉ ሥራ እንዳይፈታ ያደርጋል፤ ለበሽታም ጥሩ ነው።

ነፍሳት

ቱታ አብሶሉታ የተባለው የቲማቲም ቅጠልና ፍሬ ሰርሳሪ ትል በ2004 ዓ.ም. ገደማ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2012፣ በአገራችን መኖሩ ከተረጋገጠ ወዲህ ብዙዎች ቤቱን በመረብ መክበብ ይሻሉ። መረቡ የሚሠራው ቀዳዳው ከ1.6 ሚሊ ሜትር ሳይበልጥ፣ የትም ቦታ ሳይቀደድና በሩም ድርብ ሲሆን ብቻ ነው። ለነጭ ዝንብ ከዚህ በጣም የጠበበ ያስፈልጋል፤ የጠበበ መረብ ደግሞ አየር ይከለክላል። ልጅ ሲገባና ሲወጣ በሩ ክፍት በሚውልበት ጓሮ ይህ ወጪ አይመከርም። መረቡ ለችግኝ ቤት ይሁን፤ ችግኝ ንጹሕ ሆኖ ከወጣ ግማሹ ሥራ ተሠርቷል። ንቦች በማይገቡበት ቤት ቲማቲም አበባው እንዲቋጥር ጠዋት ከ4 እስከ 5 ሰዓት ገደማ የተንጠለጠለበትን ሲባጎ መታ መታ ማድረግ ያስፈልጋል። ዱባና ዝኩኒ ግን ያለ ንብ አይሆኑም።

ቦታውና ውኃው

ቦታ ሲመረጥ ከሸለቆ ግርጌ መራቅ ነው። ቀዝቃዛ አየር እንደ ውኃ ወደ ዝቅታ ይፈስሳል፤ በግንብ ወይም በጥቅጥቅ አጥር ከታገደም እዚያው ይተኛል። ከባሕር ዛፍ ረድፍ ቢያንስ የዛፉን ቁመት ያህል መራቅ ይገባል፤ ሥሩ ውኃ ይሻማል፣ ቅርንጫፉም ፕላስቲክ ይቀዳል። ቤቱ ከመኖሪያው በር የሚታይ ይሁን። ጠዋት የሚከፈትና ማታ የሚዘጋ ነገር ከዓይን ከራቀ ይረሳል፤ አንድ ፀሐያማ ቀን ተዘግቶ ከዋለ ደግሞ ችግኙ ተቃጥሎ ያድራል። ብርቱ ነፋስ ባለበት ቦታ ጠባቡን ጎን ወደ ነፋሱ ማድረግ ቤቱን ያተርፋል፤ የነፋስ ጉልበት ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን አራት እጥፍ ያድጋልና።

ውኃን በተመለከተ ሰዎች አሳንሰው ይገምታሉ። ጣሪያ የዝናቡን ውኃ ስለሚከለክል በቤቱ ውስጥ ያለው ተክል ክረምት ከበጋ በሰው እጅ ነው የሚጠጣው። 6 ሜትር በ10 ሜትር በሆነ ቤት 120 ያህል የቲማቲም ተክል ይያዛል። ሙሉ ዕድገት ላይ ያለ አንድ ተክል በፀሐያማ ቀን አንድ ሊትር ተኩል ያህል ቢጠጣ በቀን 180 ሊትር፣ ማለትም ባለ 20 ሊትር 9 ጀሪካን ይሆናል። ምንጩ ግማሽ ሰዓት የሚያስኬድ ከሆነ ይህን በጀርባዋ የምትሸከመው ማን እንደሆነች ይታወቃል። እንዲህ ባለ ቤተሰብ ዘንድ የውኃው ነገር ሳይፈታ ቤት መሥራት በአንድ ሰው ጉልበት ላይ መፍረድ ነው።

መፍትሔው ብዙ ጊዜ ራሱ ጣሪያው ላይ አለ። በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ 1 ሊትር ነው። በ60 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 25 ሚሊ ሜትር የሚሆን አንድ ብርቱ ዝናብ፣ አምስተኛው ባክኖ እንኳ፣ 1,200 ሊትር ይሰጣል፤ ይኸውም 6 በርሜል ነው። በክረምቱ 700 ሚሊ ሜትር በሚዘንብበት ቦታ በዚሁ ስሌት 33,600 ሊትር ይሆናል፤ በቀን 180 ሊትር ለ186 ቀን ያህል የሚበቃ። ይህን ሁሉ የሚይዝ ጉድጓድ ለአንድ ቤተሰብ ይከብደዋል። 10,000 ሊትር የሚይዝና ፕላስቲክ የተነጠፈበት ኩሬ ግን ዝናቡ ካቆመ በኋላ ለ55 ቀን ያደርሳል፤ ጨርሶ የቲማቲሙን የመጨረሻ ለቀማ ያሳልፋል ማለት ነው። ኩሬው ልጅና እንስሳ እንዳይገባበት ይታጠር፣ ይከደንም። አሸንዳ ካልተሠራ ያ ሁሉ ውኃ ከቤቱ ግራና ቀኝ ወርዶ ወደ ውስጥ ስለሚሰርግ ቢያንስ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ የግድ ነው።

በስምጥ ሸለቆ ጨዋማ የጉድጓድ ውኃ ባለበት አካባቢ ሌላም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ዝናብ የማያጥበው አፈር ጨው ያጠራቅማል፤ በዓመት አንዴ ጣሪያው ተነስቶ ዝናብ ቢመታው ጥሩ ነው።

መጠን፣ እንጨትና ፕላስቲክ

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሠራ ቤተሰብ ከ60 ካሬ ሜትር መብለጥ አይመከርም። የጎኑ ከፍታ 2 ሜትር፣ የመሐሉ 3 ሜትር ከ20 ቢሆን ጣሪያው ውኃ የማያቆር ተዳፋት ያገኛል። ሞቃት አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ በጣሪያው ጫፍ ላይ፣ አንደኛው ክንፍ ከሌላው 50 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ፣ ዝናብ ከሚመጣበት ተቃራኒ አቅጣጫ የሚከፈት የአየር መውጫ ይተው። ጎኖቹ በአጠና ላይ ተጠቅልለው የሚወጡና የሚወርዱ ከሆኑ ያው ቤት ለክረምትም ለበጋም ያገለግላል። ዝቅ ያለ፣ መውጫ የሌለው ቤት ርካሽ ይመስላል፤ ሰው ጎንበስ ብሎ የሚገባበት ቤት ግን በቀትር ማንንም አያስገባም።

ለቋሚ ባሕር ዛፍ ይበቃል። ከ50 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ይቀበር፤ የሚቀበረው ጫፍ ለምስጥ እንዲከብድ በእሳት ይለብለብ። ፕላስቲኩ የሚያርፍበት እንጨት ሁሉ ልጡ ተልጦ፣ ዓይኑ ተስተካክሎ፣ ሹል ሹሉ በአሮጌ የጎማ ካመራዳሪ ይጠቅለል። ምስማር በቀጥታ በፕላስቲኩ ላይ አይመታ፤ በቀጭን ጣውላ ወይም በጎማ ቁራጭ ላይ ይሁን። ፕላስቲኩ የሚዘረጋው ነፋስ በሌለበት ሞቅ ባለ ሰዓት ነው፤ ሲበርድ ራሱ ይወጠራል። የላላ ፕላስቲክ ነፋስ ሲያርገበግበው ይቀደዳል፤ ውኃና በረዶም ያቁራል።

ለግንባታ የሚሸጠው ተራ ፕላስቲክ ከአንድ ዓመት በላይ መቆየቱ ያጠራጥራል፤ በደጋ ደግሞ የአልትራቫዮሌት ጨረሩ ይበረታል። ጨረር እንዲቋቋም ተደርጎ የተሠራው ባለ 200 ማይክሮን ፕላስቲክ ከ3 እስከ 4 ዓመት ያገለግላል። በመልክ ስለማይለዩ ሻጩ በጽሑፍ ማረጋገጫ ካልሰጠ አለመግዛት ነው። ከላይ በተገለጸው መጠን ጣሪያው ወደ 77 ካሬ ሜትር፣ ከነግድግዳው ደግሞ ወደ 150 ካሬ ሜትር ይፈጃል፤ በክብደት 14 እና 28 ኪሎ ግራም ገደማ። የክረምቱ ባለጣሪያ ቤት የፕላስቲክ ወጪው ግማሽ የሆነው በዚህ ነው።

ሒሳቡ

ሠራተኛው ከቤተሰቡ ጋር ወረቀት ይዞ ሊቀመጥ ይገባል። የፕላስቲኩ ዋጋ ለ3፣ የእንጨቱ ለሚቆይበት ዓመት ተካፍሎ፣ ዘር፣ ማዳበሪያ፣ ሲባጎና የሰው ቀን ተደምሮ የአንድ ዓመቱ ወጪ ይውጣ። 120 ተክል እያንዳንዱ 3 ኪሎ ግራም ቢሰጥ 360 ኪሎ ግራም ነው። የዓመቱ ወጪ ለ360 ሲካፈል የሚወጣው ቁጥር በነሐሴ በቅርብ ገበያ ካለው የአንድ ኪሎ ዋጋ ካልቀነሰ ቤቱ አይሠራ። ጠባቡን ቦታ በቁመት የሚጠቀም፣ እየረዘመ በሲባጎ የሚወጣ ዝርያ ያስፈልጋል፤ ከመልካሳ የወጡት መልካ ሾላና መልካ ሳልሳ ለሜዳ የታሰቡ ስለሆኑ የዚህን ቤት ወጪ አይመልሱም።

ለማኅበራት የችግኝ ቤት

ብዙ ጊዜ አባላት በየግላቸው ቤት ከሚሠሩ ማኅበሩ አንድ የችግኝ ቤት ቢኖረው ይበልጣል። 128 ጉድጓድ ያለው የችግኝ ትሪ 0.15 ካሬ ሜትር ያህል ይይዛል። በ60 ካሬ ሜትር ቤት መተላለፊያው ተቀንሶ 30 ካሬ ሜትር መደርደሪያ ቢኖር 25,000 ያህል ችግኝ ይወጣል፤ ይህም በ1 ሜትር በ40 ሳንቲ ሜትር ርቀት ለሚተከል 1 ሄክታር ቲማቲም ይበቃል። ከ4 እስከ 6 ሳምንት በኋላ ቤቱ ለሚቀጥለው ዙር ነጻ ነው። ዘብ፣ ውኃ አጠጪና መዝገብ ያዥ ማን እንደሆነ ችግኙ ከመዘራቱ በፊት በስብሰባ ይወሰን፤ የሁሉም የሆነ የውኃ ባልዲ የማንም ስለማይሆን።

አገልግሎቱን የጨረሰ ፕላስቲክ በደረቁ ወቅት በእርጥብ መደብ ላይ ጥብቅ ተደርጎ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ቢነጠፍ የፀሐዩ ሙቀት በአፈሩ ውስጥ ያለውን የሥር ትልና የበሽታ ዘር ይቀንሳል። ከዚያ በኋላ ቁራጩ በሜዳ አይጣል፤ ከብት ከዋጠው በሆዱ ውስጥ ተጠቅልሎ ይቀራል። አይቃጠልም፤ ማኅበሩ ሰብስቦ ለፕላስቲክ ገዢዎች በኪሎ ይሽጠው።